ቤታ ዓሣ አየር ቢተነፍስም ትንሽ ሳህን አይበቃውም

«ቤታ የሚባለው ዓሣ አየር ስለሚተነፍስ ትንሽ ሳህን ይበቃዋል፣ የውሃ ማጣሪያም አያስፈልገውም» ያልከው ልክ አይደለም ወንድሜ። ከላይ አየር እየሳበ መተንፈሱ እውነት ነው፤ ግን ያ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ እንዲቆይ ይረዳዋል እንጂ ከራሱ ቆሻሻ የሚመጣውን አሞኒያ አያጠፋለትም፣ ውሃው ባነሰ ቁጥር ደግሞ አሞኒያው ቶሎ ይከማችና ያቃጥለዋል። የሩዝ ማሳ ውስጥ ይኖራል የምትሉትም ቢሆን ውሃው ጥልቀት የለውም እንጂ ሰፊና ሞቃት ነው። ቢያንስ 20 ሊትር ውሃ የሚይዝ ገንዳ ስጠው። ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን። ማጣሪያው ቀስ ብሎ የሚሠራ ይሁን፣ በዚያ ረጅም ክንፍ ኃይለኛ ፍሰት አይችልም። ክዳንም አትርሳ፣ ይዘላል! ግን ገንዳውን እስከ አፉ አትሙላው፣ አየር የሚስብበት ክፍተት ይፈልጋል። ክንፉን አጣብቆ ታች ከተኛ ውሃው ቀዝቅዞበት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እይ።