ችፌ ይዘን አዳማ ወረድን

እኛ የምንኖርባት የካናዳዋ ካልጋሪ ላይ ጥር ሲገባ የልጄ የክንድ መታጠፊያ ይሰነጠቃል። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ችፌ፣ ሐኪሞች ኤክዜማ የሚሉት የቆዳ ሕመም፣ አለበት። ሌሊት እንቅልፍ ላይ ሆኖ ያካል፤ ጠዋት አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ አገኛለሁ። ውጭ ከዜሮ በታች 25 ነው። ቤት ውስጥ ማሞቂያው ሌት ተቀን ይነፋል፣ አየሩም እንደ ምጣድ ይደርቃል። አንዳንዴ ደግሞ ቺኑክ የሚሉት ሞቃትና ደረቅ ነፋስ ከተራራው ይወርድና በረዶውን በሰዓታት ውስጥ ያቀልጠዋል። ሰው ሁሉ ሲደሰት የኔ ልጅ ያካል።

ስለዚህ ዘንድሮ ለገና አዳማ እናቴ ቤት ስንሄድ በሆዴ አንድ ነገር ይዤ ነበር። ፀሐይ ያገኛል፣ ይድናል። እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች እንዲህ ነን መሰለኝ። ሕመሙን የሰጠን የፈረንጅ አገር ነው፣ አገራችን ትወስድልናለች ብለን እናስባለን።

የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ልክ ነበርኩ። ማሞቂያ የለ፣ የሱፍ ሹራብ የለ። ቆዳው ለስለስ አለ። ለባሌ ደውዬ "አላልኩህም?" አልኩት።

በአምስተኛው ቀን ነፋሱ ተነሳ። የአዳማን የበጋ ነፋስ ለማያውቅ ሰው፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚያ የተተከሉት ለጌጥ አይደለም ብል ይበቃል። አቧራው በር ስትዘጋበት በመስኮት ይገባል። ልጄ ግቢ ውስጥ ኳስ ሲያሳድድ ያልበዋል፣ አቧራው ላቡ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ አንገቱን መቧጨር ይጀምራል። በሳምንቱ ጉልበቱ ጀርባ እንደ ካልጋሪው ሆነ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ችፌ አገር አይመርጥም። የነዚህ ልጆች ቆዳ እንደሚያፈስ እንስራ ነው። ውስጡ ያለውን እርጥበት መያዝ አይችልም፣ ከውጭ የሚመጣውንም መከልከል አይችልም። ካልጋሪ ላይ የሚያስነሳበት ደረቅ አየር፣ ሱፍና ሙቅ ሻወር ነበር። አዳማ ላይ ላብ፣ አቧራ፣ ጭስና ሳሙና ሆነ።

ሳሙናውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። እናቴ ቤት ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በርሜል ይሞላል፣ ከዚያ ይቆጠባል። ልብስ የምታጥበው ልጅ በዱቄት ሳሙና አሽታ አንድ ጊዜ ብቻ ታለቀልቃለች። አልፈርድባትም፣ እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያው ነበር የማደርገው። አንድ ቀን ታጥቦ የደረቀውን የልጄን ፒጃማ በንጹህ ውሃ ሳፋ ውስጥ ነክሬ ጨመቅኩት። ውሃው እንደ አጓት ነጣ፣ አረፋ ወጣው። ሌሊቱን ሙሉ ልጁ ሳሙና ለብሶ ነበር የሚተኛው! ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱን ልብስ ለብቻ፣ ሁለቴ ሦስቴ አለቀለቅኩ። ሽቶ ያለውን ሳሙናም ተውነው። የሚያብረቀርቀውን የሱቅ ብርድ ልብስ አንስቼ የእናቴን አሮጌ ጋቢ አለበስኩት። ጥጥ ነው፣ አይኮሰኩስም። ፈረንጅ ቢያገኘው ስንት ብር በሸጠው።

እጣኑ ግን አስቸገረ። እናቴን ያለ እጣን ቡና አፍዪ ማለት አይቻልም። ተደራድረን ከሰሉና ማጨሻው በረንዳ ወጡ።

ትልቁ ጥፋት ሶደሬ ነበር። እናቴ "አንቺን ስንት ጊዜ ፍል ውሃ ነከርኩሽ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኔ ምንም አልሆንኩም። ሄድን። ልጁ ደስ ብሎት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ፤ እኔም ናፍቆኝ ስለነበር ውጣ አላልኩትም። ማታ እሳት እንደነካው ሰው ጮኸ። ጥፋቱ የውሃው አይደለም፣ የኔ ነው። ሙቅ ውሃ ቆዳው ላይ የቀረችውን ጥቂት ቅባት ጠርጎ ይወስዳታል። እንዲህ ላለ ልጅ ለብ ያለ ውሃ፣ ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠ። ሲወጣ በፎጣ ሳይታሽ መታ መታ ተደርጎ፣ ገላው እርጥብ እያለ ቶሎ ሽታ የሌለው ቫዝሊን። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር እኮ! ካልጋሪ በወረቀት ተጽፎ ተሰጥቶኛል። ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌው ነው የመጣሁት።

በማግስቱ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ካልጋሪ መጀመሪያ ያየን ሐኪም ቀይ ነገር ፈልጎ ስላጣ "ቀላል ነው" ብሎ ሸኝቶን ነበር። በጥቁር ቆዳ ላይ ችፌ ብዙ ጊዜ አይቀላም። አመድማ ይሆናል፣ ይጠቁራል፣ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ከዚያ ለቆዳ ስፔሻሊስት አራት ወር ወረፋ ጠበቅን። አዳማ ያገኘናቸው አዛውንት ሐኪም ደግሞ ልጁ ገና ወንበር ላይ ሳይደላደል በእጃቸው ጀርባ ክንዱን ዳበስ አደረጉት። "ችፌ ነው። ሌሊት አያስተኛችሁም፣ አይደል?" አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ሃያ ሰው ስለሚጠብቃቸው በአምስት ደቂቃ ጨረሱ። ጥፍሩን አሳጥሪው፤ ቢጫ ቅርፊት ከያዘ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ካተኮሰው ሳትውዪ ሳታድሪ አምጪው፤ እንቁላልና ወተት በግምት አትከልክዪው። የመጨረሻዋን ሲናገሩ እናቴን ነበር የሚያዩት።

ከዚያ በፊት ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆኖ ነበር። አንዷ ምች ነው አለች፣ ሌላዋ ዳማ ከሴ ጭመቁለት አለች፣ አንዱ ጭርት ነው ብሎ ቆረጠ። አንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ ያለ ማዘዣ አንድ ቱቦ ሰጠኝ። "ሁሉንም ያጠፋል" አለኝ ሻጩ። ማሸጊያውን ሳነበው ጠንካራ ስቴሮይድ ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር የተደባለቀበት ነው። እንዲህ ያለውን ሴቶች ፊታቸውን ለማቅላት ሲቀቡት አውቃለሁ። በሁለት ቀን ያማረ ይመስላል፤ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል። ስቴሮይድ ራሱ ጠላት አይደለም። ሐኪም ለቦታውና ለዕድሜው መርጦ፣ ቀን ቆርጦ ሲሰጥ ለኔ ልጅ ብዙ ረድቶታል። ቱቦውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ አልቀባሁትም።

ለጥምቀት ማግስት ሰው ቤታችን ተሰብስቦ ነበር። አንዲት ጎረቤት የልጄን እጅ አየችና የራሷን ልጅ ቀስ ብላ ወደ ጉያዋ ጎተተችው። ልጄም አይቷታል፤ እጁን ኪሱ ከተተ። ካልጋሪ እንዲህ አያደርጉም። ትምህርት ቤቱ ቅባቱን በስሙ አስቀምጦለታል፣ መምህሯም ሰዓቱን ጠብቃ ታስቀባዋለች። ሆኖም ከኔ በቀር ያን እጅ የሚስም ሰው እዚያ አላየሁም። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ልጁን አጠገቧ አስቀመጠችው፣ የተሰነጠቀውን እጅ አውጥታ በራሷ እንጀራ አስጠቀለለችውና "በል አያትህን አጉርሳት" አለችው። ጎረሰች። ጣቱንም ጭምር የጎረሰች ነው የመሰለኝ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞራ "ችፌ አይጋባም፣ የኔ እመቤት" አለቻት።

ጋቢውን ይዘን ተመለስን። ካልጋሪ አሁንም በረዶ ነው። መኝታ ክፍሉ አየር የሚያረጥብ ማሽን አስገብቻለሁ፣ ከሹራቡ ሥር የጥጥ ካናቴራ አይቀርም። እናቴ የመታጠቢያ ሰዓቱን ቆጥራ ትደውላለች።

"ውሃው ለብ ያለ ነው?"

"አዎ እማዬ።"

"ሳይደርቅ ቅቢው። ደግሞ ያቺ ልጇን የጎተተችው፣ ለካ የትንሿ ልጇ ጉንጭ እንደዚሁ ኖሯል። በሙቅ ውሃ ነው አሉ የምትፈትጋት። ነገ ቡና ጠርቻታለሁ።"

"እጣኑን ግን..."

"በረንዳ ነው ያልኩሽ!"