ለእናት ጥርስ ገንዘብ ከመላካችን በፊት

በጀርመን ጥርሱን የሚያሠራ የመንግሥታዊ ጤና መድን አባል ከመድኑ ቋሚ ድጎማ ያገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥቅምት 2020 ጀምሮ የመደበኛውን ሕክምና ወጪ 60 በመቶ ይሸፍናል፤ በየዓመቱ መመርመሩን በደብተር ያስመዘገበ ከ5 ዓመት በኋላ 70፣ ከ10 ዓመት በኋላ 75 በመቶ ያገኛል። ተከላ፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፣ የሚመርጥም ያው ድጎማ ይደርሰዋል፤ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ እዚህም ቢሆን ብዙ ሰው ተነቃይ ጥርስ ያደርጋል።

ጭንቀቴ የኋላ መንጋጋ ጥርሶቻቸው ላለቁ ሰዎች ነው። ተነቃዩ ጥርስ ከፊት በብረት ማቀፊያ የቀረውን የራስ ጥርስ ይይዛል፤ ከኋላ ግን ድድ ላይ ብቻ ይተኛል። ድድ ሲጫኑት ይሰምጣል፤ የራስ ጥርስ ግን እምብዛም ንቅንቅ አይልም። በታኘከ ቁጥር የኋላው ጫፍ ዝቅ ሲል ማቀፊያው የያዘውን ጥርስ፣ ካስማ ለመንቀል እንደሚወዘወዝ፣ ወዲያና ወዲህ ይወዘውዘዋል። ውሎ አድሮ ደህናው ጥርስ ሊላላ፣ ከድዱ ሥር ያለው አጥንትም ሊሳሳ ይችላል።

በሁለተኛው መንጋጋ ጥርስ ቦታ በየጎኑ አንድ የቲታኒየም ተከላ ሲገባ ተነቃዩ ጥርስ የኋላ ድጋፍ ያገኛል። መስመጡ ይቀንሳል፤ ጫናውም ከድዱና ከፊተኛው ጥርስ ላይ ቀለል ብሎ በከፊል በተከላው በኩል ወደ አጥንት ይወርዳል። ተከላው ግን እንደ ጥርስ ጫናን የሚያለዝብ ጅማት የለውም፤ ተንጋዶ ከገባ ጫናው በአንገቱ ዙሪያ ባለው አጥንት ላይ ይከማቻል። የተከላ ጥበብ የቆየ ነው፤ ስዊድናዊው ሐኪም ብሮኔማርክ የመጀመሪያውን ታካሚ በጎተንበርግ ያከሙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ነበር።

አዲስ አበባም ተከላ የሚሠሩ የግል ክሊኒኮች አሉ። ነገር ግን ቤተሰብ መካከል የምሰማው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፦ ለጎደለው ጥርስ ሁሉ ተከላ፣ አለዚያም ተነቃዩን ችሎ መኖር። አክስቴ ተነቃያቸውን እንግዳ ሲመጣ ያደርጉታል፤ ገበታ ሲቀርብ ያወልቁታል። ቆሎ ከተዉ ቆይተዋል፤ ጥብስም በጣት ካልተፈተፈተላቸው አይሆንላቸውም። ይህ ያሳዝነኛል፤ መካከለኛው መንገድ አልተነገራቸውምና።

ስለዚህ ዩሮም ሆነ ዶላር የምንልክ ልጆች ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ሐኪሙን እንጠይቅ፦ ሁለት ተከላ ብቻ ከኋላ ቢገባ፣ አሁን ያለው ተነቃይ ጥርስ ተስተካክሎ ሊያርፍበት ይችላል? አጥንቱ ይበቃል? ስኳራቸው በቁጥጥር ሥር ነው? በየዓመቱስ ማን ይመረምራቸዋል?