ይድረስ ለክቡር እሾህ፣ የጣና ዳርቻ የእግር መንገዶች የበላይ ተቆጣጣሪ

ለክቡር እሾህ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ሥራ ትጋትዎ ምስጋና ስለማቅረብ

የባሕር ዳር አስፋልት ዳር ዳሩን ዘንባባ እንጂ እርስዎን አያበቅልም። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሁሉ ጀግና ነው። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሲወጣ ወይም በጢስ ዓባይ አቅጣጫ ከጥርጊያው ወደ ቀጭኑ የእግር መንገድ ሲገባ ግን የእርስዎ ቢሮ ይከፈታል። ወረፋ የለም፣ ማመልከቻ የለም፣ «ነገ ይምጡ» የለም። እንዲህ ያለ ቀልጣፋ አገልግሎት ሌላ የት ይገኛል?

በተለይ እህል የሚሰበሰብበት ወቅት ለእርስዎ ሰርግና ምላሽ ነው። ገበሬው አውድማውንና ጓሮውን ሊያጥር ግራር ቆርጦ ይጎትታል፤ ቅርንጫፉ በመንገዱ ሁሉ ይራገፋል፤ እርስዎም በዚያው ማስታወቂያ ሳያወጡ አዲስ ሠራተኛ ይቀጥራሉ። የሥራ ክፍፍልዎም ያስቀናል። ቀጋና ቆንጥር በታጠፈ ጥፍራቸው እጅጌና ክንድ ላይ ተመድበዋል። የግራሩ ቀጥ ያለ መርፌ የጎማ ባለሙያ ነው። ኩርንችት ደግሞ መሬት ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፤ እንዴትም ቢወድቅ አንድ ሹሉን ወደ ላይ ማድረጉን አይረሳም።

አንድ ነገር ግን በእርስዎ ላይ በግፍ ሲለጠፍ ቆይቷል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከጎማው ውስጥ ባለው የአየር ላስቲክ፣ በከመነዳሪው ላይ የተገኘው ቀዳዳ አንድ ነጥብ ከሆነ ሥራው የእርስዎ ነው። ጎን ለጎን የተሰነጠቁ ሁለት መስመሮች ከሆኑ ግን ንጹሕ ነዎት፤ አየር ያነሰው ጎማ ድንጋይ መትቶ ከመነዳሪው በቸርኬው ጠርዝ ተቆንጥጧል። ከመነዳሪ ያለው 2.3 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ በእንዲህ ያለ ድንጋያማ መንገድ የአየር ግፊቱ ከ30 ፒኤስአይ በታች ሲወርድ ይህ አደጋ ይመጣል፤ ከባድ ሰው ከሆነ ደግሞ ቀደም ብሎ። ከመነሳቱ በፊት ጎማውን በአውራ ጣቱ እንኳ ሳይጫን የወጣ ሁሉ ሲመለስ እርስዎን ይራገማል።

ክብርዎን ከፍ የሚያደርገው ግን የእኛ ችኮላ ነው። ብዙ ሰው ከመነዳሪውን ይለጥፍና እርስዎን ጎማው ውስጥ ትቶ ይዘጋል፤ እርስዎም ከ10 ደቂቃ በኋላ ሥራዎን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመነዳሪው ሲወጣ ቫልቩ በየት በኩል እንደነበር ጎማው ላይ ምልክት ማድረግ፣ ቀዳዳውን በአየር ነፍቶ መፈለግ፣ ከዚያ ሁለቱን አገጣጥሞ ያንኑ የጎማውን ቦታ ከውስጥ በጨርቅ ማበስ። ጨርቁን የሚይዘው እርስዎ ነዎት። በባዶ ጣት የሚፈትሽ ሰው ደግሞ በደሙ ግብር ይከፍላል።

የማስቲሹ ነገርም አለ። ቀዳዳው ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ይፋቃል፤ ማስቲሹ ከመለጠፊያው ላስቲክ ሰፋ አድርጎ በስሱ ይቀባል፤ ከዚያ 5 ደቂቃ ያህል፣ የሚያብለጨልጨው ጠፍቶ እስኪደበዝዝ ድረስ፣ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ነው። ይህን 5 ደቂቃ የሚታገስ ሰው እምብዛም ስላልተገኘ ነው እርጥብ ማስቲሽ ላይ የሚለጠፈው፤ ላስቲኩም ፖምፓው ሳይታሸግ የሚነሳው። ቀዳዳውን በአረፋ ለማግኘት ከመነዳሪውን ጣና ውስጥ የሚነክር ካለ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሳያደርቅ ከለጠፈ ግን ለሐይቁ ዓሣዎች ትርኢት አሳይቶ ተመለሰ ማለት ነው።

ባለ ቱብለሶቹ፣ ማለትም ያለ ከመነዳሪ የሚነዱት፣ «እኛን አይነካንም» እያሉ እንደሚያሙዎት ደርሰንበታል። ጎማቸው ውስጥ ነጭ ፈሳሽ አለ፤ ለአንድ ጎማ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር። ትንሽ ቀዳዳ ሲያገኝ ይወጣና ይረጋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ይደርቃል። ባሕር ዳር ሙቀት ላይ በ3 ወር አንዴ ያላየው ሰው ጎማውን ሲፈታ የሚያገኘው የላስቲክ ቅርፊት ነው፤ እርስዎን ከነቀሉ በኋላ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ ማሽከርከርም ያኔ ዋጋ የለውም። ለሰፋው ቀዳዳ በመወጊያ የሚገባ የሚያጣብቅ ክር መያዝ ያስፈልጋል። ክሩ ያለው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ረስቶታል።

አንድ ቅሬታ ብቻ አለን። ቁልቁለት ላይ የፊተኛውን ጎማ ባይመርጡ። የኋላው ሲተነፍስ ኮርቻው ይወዛወዛል፣ ሰው ነቅቶ ይቆማል። የፊቱ ሲሆን መሪው ይከብድና ብስክሌቱ በራሱ ሐሳብ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የፊት ፍሬን የነካ ቀድሞ ይደርሳል፣ ያለ ብስክሌቱ። የኋላውን ፍሬን ብቻ ቀስ አድርጎ መያዝና ሳይታጠፉ ቀጥ ብሎ መቆም ነው ያለው።

ዘጌ ላይ ግን ሥልጣንዎ እንደሚያንስ እያዘንን እናሳውቃለን። በጥንቱ ደንብ እዚያ በበሬ ስለማይታረስና ከብት ስለማይረባ የእሾህ አጥር ፈላጊው ጥቂት ነው። የቡናው ጫካ ግን ሰው አያጣም፤ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በሚወጣው ዳገት ላይ የዛፍ ሥርና ድንጋይ የእርስዎን ሥራ ደርበው ይሠራሉ። እዚያ መነኩሴና ምዕመን ሲመጣ ወርዶ ብስክሌት መግፋት ግድ ስለሆነም የሚተነፍሰው ጋላቢው ነው።

ዝውውር ልንጠይቅልዎ አስበን ነበር፤ ወደ ጉና ተራራ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው የአስታ ቁጥቋጦ አገር። ቦታው በሌላው እሾሃም፣ በኮሸሽላ ተይዟል ስለተባለ ባሉበት ይቀጥሉ።

ከሰላምታ ጋር
ጎማቸው የተነፈሰ ሁሉ

ግልባጭ፦
ለአጋም፣ ለቀጋና ለቆንጥር፦ እንዲያውቁት
ለጎሚስታዎች፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዳይዘጉ
ለባጃጅ ሾፌሮች፦ ብስክሌት ከነባለቤቱ ሲጫን የ4 ሰው ሒሳብ እንዳይጠይቁ