እንግዳ የሚያየው ወለል

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚታደሰው ለእንግዳ ነው። ባለቤቱማ ይኖርበታል እንጂ መች ያየዋል?

ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ጎረቤቴ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል። ከስሩ የተቀመጠው ባልዲ ከቤተሰቡ ተቆጥሯል። እጁ ላይ ገንዘብ የገባ ዕለት ግን የተነሳው የሳሎን ወለል ነው። ሚስቱ «ቧንቧውስ?» ስትለው፣ «ቧንቧ ማን ያየዋል?» አላት።

ልኬቱ አላስቸገረም። ሳሎኑ 4 በ5፣ 20 ካሬ ነው። ሲቆረጥ ለሚባክነውና ለሚሰበረው 10 በመቶ ሲታከልበት 22 ካሬ። ሒሳብ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው፤ በተክለ ሃይማኖት በኩል ካለፉ በኋላ ያለው መርካቶ ነው። ነጋዴው የሚጠራልህ የሴራሚኩን ዋጋ ብቻ ነው። ማጣበቂያው፣ በግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈው ዞኮሎ፣ የመኪናው፣ የአውራጁ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ 4ኛ ፎቅ ድረስ የማውጫው፣ ድግስ እንደሰማ ዘመድ ሳይጠሩት አንድ በአንድ ብቅ ይላል።

«ትንሽ ቀንስልኝ እንጂ!»

«ዶላር ጨምሯል፣ ወንድሜ።»

ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተለቀቀ፣ ከውጭ ለሚገባ ሴራሚክ ይህ መልስ ያስኬዳል። ጎረቤቴ ግን አሸዋ ሲጠይቅም ያው መልስ ጠበቀው። «አሸዋም ከውጭ ይመጣል እንዴ?» ቢል፣ «የጫነው መኪና ጎማ ከየት የመጣ መሰለህ?» አሉት። እንደ እውነቱ ከሆነ መልስ ያለው ጥያቄ አይደለም።

ቀጥሎ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቀው መጣ፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ግብር የሚሰውሩ ነጋዴዎችን ሲረግም የምሰማው ጎረቤቴ፣ 15 በመቶዋን ቫት በልቡ ደመረና ግራ ቀኙን አይቶ «ያለ» አለ።

በዚህ የተረፈችው ብር ለቧንቧው ትበቃ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ዓይኑ ፖርሴሊን በሚባለው የሴራሚክ ዓይነት ላይ አረፈ። ፖርሴሊን ውሃ እምብዛም ስለማይመጥ የሚመረጠው እርጥበት ለማይለየው ቦታ ነው። እሱ የወደደው ግን ማብረቅረቁን ነው። ከተነጠፈ በኋላ እንዳይጫጫር ብሎ ምንጣፍ ጣለበት፤ እንግዳ ሲመጣ የምንጣፉን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ያሳያል።

እንግዳም ወግ አለው፤ ቡናው ሳይቀርብ «ካሬውን በስንት ገባህ?» ይላል። ጎረቤቴ እዚህ ላይ የተካነ ነው። ብድር ሊጠይቅ ለሚችል ዘመድ «ተበድሬ ነው ያስነጠፍኩት» ይላል፤ ለአማቹ እጥፉን ይነግራል፤ «እኔ የማውቀው ሱቅ ብትሄድ ኖሮ» ለሚል ሰው ደግሞ ግማሹን። ትክክለኛውን ዋጋ ሚስቱም አታውቀው። ደረሰኝ የለማ።