የሐምሌ ወላጆች

ምስጋና ቢስ አንሁን። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ፣ ጭቃው ጫማ ሲያስቀር፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው በአውቶቡስ ወደ እኛ ሰፈር ብቅ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ያለነው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ መውጫው ላይ ነው። የሚመጡት ችግኝ ሊተክሉልን ነው። እድሜ ይስጥልን!

ሥራቸውን አይቶ አለመቅናት አይቻልም። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሯል። ችግኙ ከዳሩ ተቀምጦ ይጠብቃል። ኃላፊው ጎንበስ ሲሉ ካሜራው ይጠጋል። «ትንሽ ቀና ይበሉልኝ» ይባላሉ። ቀና ይላሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ አፈር ቆንጠር አድርገው ጣል ያደርጋሉ። አለቀ። አንዳንዱ ሩህሩህማ ችግኙን ከነላስቲኩ ይቀብረዋል። ብርድ እንዳይመታው ይሆናል። ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ሲጠማዘዝ ይከርማል፤ በበጋ እርጥበት ወደሚቆይበት ጥልቅ አፈር መውረድ አይችልም። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ማለት ይኸው ነው።

ቁጥሩንም አንርሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ዓለም ጉድ ብሏል። በበጋ ስለፈሰሰው ጀሪካን ግን እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም። ልክ ነው፤ ጀሪካን ፎቶ ላይ አያምርም።

መስከረም ያልፋል፣ ዝናቡ ይሄዳል፣ ወላጆቹም ይሄዳሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ይጠብሰዋል። ከዚያ የካቲትና መጋቢት ይተካሉ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሙቀት አያውቀውም የሚል ካለ፣ መጋቢት ላይ በቀትር ያለ ጃንጥላ ይምጣና እንነጋገር። አየሩ ሲግልና ሲደርቅ ከቅጠሉ ላይ ውሃ ይመጥጣል። ዛፉ ራሱን ለማዳን በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ግን ምግቡን የሚሠራበት አየር የሚገባውም በእነዚያው ነው። ስለዚህ ሰዉ ዐቢይ ጾምን ሲይዝ እሱም ይጾማል። ልዩነቱ፣ የእሱ ፋሲካ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። አልዘጋም ካለ ደግሞ ከሥር እስከ ቅጠል የተወጠረው ውሃ ይበጠሳል፣ መሃሉ ላይ አየር ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ በዚያ መስመር ሽቅብ መውጣት ያቅተዋል።

ጣጣው የችግኝ ብቻ አይደለም። ትልቁም ዛፍ ውሃ ሲጠማ ቅርፊት የሚበሱ ነፍሳትን የሚመክትበት አቅም ያጥረዋል። ድርቁ ካለፈ በኋላ እንኳ እድገቱ ለዓመታት ሊጓተት ይችላል። በልግ ሲቀር «ኧረ ዛፉ አረንጓዴ ነው፣ ምን ሆነ?» ብለው የሚያጽናኑንም አሉ። እነሱም ይባረኩ። አንዳንዱ ዛፍ የሚሞተው ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ መሆኑን ነግሮ ማን ቀናቸውን ያበላሻል?

ደግሞ ምን የሚባክን ነገር አለ? ችግኙ ቢደርቅ ጉድጓዱ አለ። ለከርሞ ቁፋሮ ቀረልን። ችግኙም እንደ አዲስ ይቆጠራል። ከዚህ በላይ ቁጠባ ከየት ይመጣል?

አምና ለምሳው ድንኳን ተጥሎ፣ ወለሉ ሙሉ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ነበር። እንግዶቹ ሲሄዱ የቦታው ጥበቃ ቄጠማውን እየጠረጉ በአቅራቢያው ባሉት ችግኞች ሥር ማልበስ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ምን ሊያደርግልዎት ነው?» አልኳቸው።

«አፈሩን ፀሐይ እንዳይመታው ነዋ፣ ልጄ። እነሱስ ከድግሱ ምን ደረሳቸው?»

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ብቅ ብዬ ሳይ፣ ቅጠል ይዘው የቆዩት በአብዛኛው ቄጠማው የደረሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ድግሱ እንዳይቀር። ድንኳኑን ብቻ በየዓመቱ ቦታ እየቀየራችሁ ትከሉልን።