ብቸኛውን ጭራቅ የሚያከብደው የሕይወት ነጥብ ብዛት አይደለም
ውድ ወንድሜ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስና በምናብ በሚካሄደው የሚና ጨዋታ፣ አራት ተጫዋቾች የሚገጥሙትን ብቸኛ አለቃ ጭራቅ ለማክበድ «የሕይወት ነጥቡን (ከመሸነፉ በፊት የሚችለውን የጉዳት መጠን) እጥፍ ማድረግ ይበቃል» ብለው የጻፉት በብዙ ጨዋታ መሪዎች ዘንድ የተለመደ ስሕተት ስለሆነ፣ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። ችግሩ ያለው በተራው ብዛት ላይ ነው፤ በአንድ ዙር ተጫዋቾቹ አራት ተራ ሲያገኙ ጭራቁ አንድ ብቻ ካለው፣ ነጥቡ ሲበዛ የሚረዝመው ውጊያው እንጂ የሚጨምረው አደጋው አይደለም። አንድ የሚያደነዝዝ ድግምት ከያዘው ደግሞ 500 ነጥብም ቢኖረው ቆሞ ከመደብደብ አይድንም።

በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (የታወቀ የሚና ጨዋታ) 5ኛ እትም፣ ጎልማሳው ቀይ ድራገን 256 የሕይወት ነጥብ አለው፤ ነገር ግን እጅግ የሚያስፈራው በሌሎች ተራ መጨረሻ ላይ በየዙሩ የሚጠቀምባቸው 3 ተጨማሪ ድርጊቶችና ያልተሳካለትን የመከላከያ ዕጣ (ከድግምትና ከመሰል አደጋ ለማምለጥ የሚወረወረውን ዳይስ) በቀን 3 ጊዜ ወደ ስኬት መለወጥ መቻሉ ነው። በዋሻው ውስጥ ከሆነ ቦታው ራሱ ያግዘዋል።

እኔም ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ሙቀቱ ሲበርድ ማታ ማታ ስንጫወት፣ በሐረር ጀጎል ጠባብ መንገዶች የሚዞር ግዙፍ ጅብ አዘጋጅቼ ነበር። በመጀመሪያ ነጥቡን ብቻ ስላበዛሁለት ጓደኞቼ ዳይስ መወርወር ሰለቻቸው። በሁለተኛው ጊዜ ግን ነጥቡን ቀንሼ፣ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ተራ በኋላ እንዲንቀሳቀስና በየዙሩ ከአምስቱ ጥንታዊ የግንቡ በሮች አንዱ እንዲዘጋ ባደርግ፣ ሁሉም ከወንበራቸው ተነሥተው ካርታው ላይ አጎነበሱ።