አንዴ ብቻ ቆዩ!

ባለፈው የቤተሰብ መሰባሰቢያ ላይ 12 ዘመዶቼን አሰልፌ ያነሳኋቸውን 41 ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ አንድ በአንድ ስመለከት፣ ከሁሉም ጠርቶ የወጣው የአያቴ ፊት ሳይሆን ከኋላ በቆሙት ሁለት አጎቶቼ ራሶች መካከል የሚታየው የግድግዳ ሰዓት ሆኖ አገኘሁት። ሰዓቱ ጥርት ብሎ መውጣቱ ባልከፋ፤ የከፋው መመስከሩ ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ የደቂቃ ቆጣሪው 2 ቁጥር ላይ ነው፤ በመጨረሻው ላይ 12 ቁጥር ላይ ደርሷል። ድፍን 50 ደቂቃ! ካሜራው ደግሞ እያንዳንዱን ፎቶ በምን ፍጥነት እንዳነሳ ከፋይሉ ጋር መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ፣ ነገሩን ለማጣራት ተቀምጬ ደመርኩት። ከ41ዱ አንዱም ከመቶኛ ሰከንድ በላይ አልፈጀም፤ ሁሉም ተደምረው ግማሽ ሰከንድ አይሞሉም። ካሜራው የድርሻውን በግማሽ ሰከንድ ጨርሷል ማለት ነው። የቀረውን 49 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ተኩል የበላሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ሂሳቡንም የማወራርደው እኔው ነኝ።

የፎቶግራፍ ታሪክ በአንድ በኩል ሲታይ ሰውን ተገትሮ ከመቆም የማሳረፍ ታሪክ ነው። በ1838 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዳጌር ቡሌቫርድ ዱ ቴምፕል የተባለውን የፓሪስ ጎዳና ከከፍታ ላይ ሆኖ ሲያነሳ፣ ብርሃኑን ለመቀበል ደቂቃዎች ያስፈልጉት ስለነበር፣ በጎዳናው የሚተራመሰው ሠረገላና እግረኛ ሁሉ አሻራውን ሳይተው አለፈ፤ በሥዕሉ ላይ የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ አንድ ቦታ የቆመ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ በተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ውስጥ ተነሺው እንዳይነቃነቅ ጭንቅላቱን ከኋላ ደግፎ የሚይዝ የብረት ማቆሚያ ይቀመጥለት ነበር፤ የዚያን ዘመን ሰዎች በፎቶ ላይ ኮስተር ብለው የሚታዩት ስለተከፉ ብቻ አይደለም። በ1888 እ.ኤ.አ. የኢስትማን ኮዳክ ካሜራ 100 ፎቶ የሚያነሳ ፊልም ተጭኖበት ለገበያ ቀረበ፤ የባለቤቱ ድርሻ ቁልፏን መጫንና ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው መላክ ብቻ ሆነ። ዛሬ በእጄ ያለው ካሜራ አንድን ሰከንድ ለ8,000 ከፍሎ አንዷን ቅንጣት ይይዛል። ሳይንስ እንዲህ ለሰው ልጅ የመለሰለትን ጊዜ ሁሉ ግን እኛ የፎቶ ወዳጆች «አንዴ ብቻ ቆዩ!» በሚል ቃል መልሰን ወስደናል።

ሂሳቡን ከመጀመሪያው ሌንስ ልጀምር። ከሌንሶቼ ሁሉ የምኮራበት 85 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ፣ ማለትም የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው፣ እስከ 1.4 የሚከፈት ሌንስ ነው። ለማያውቁት ለማስረዳት ያህል፣ በእኛ ዓለም ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ብርሃኑ ይበዛል፤ ከትኩረቱ ውጭ የሆነው ሁሉ ወደ ለስላሳ ብዥታ ይለወጣል። ጃፓኖች ቦኬ የሚሉት ይህ ብዥታ ካልታየበት ፎቶ ያነሳን አይመስለንም። ይህ ሌንስ ለአንድ ሰው ጉርድ ፎቶ ወደር የለውም፤ ችግሩ ሦስት ሜትር ተኩል የሚሰፋ የዘመድ ሰልፍ በውስጡ ለማስገባት ከስምንት ሜትር በላይ መራቅ ማስፈለጉ ሲሆን፣ የአክስቴ ሳሎን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አምስት ሜትር ነው። ሌንሱን መቀየር የሚባል ነገር በሐሳቤ እንኳ አልመጣም። በበሩ ወጥቼ በኮሪደሩ ወደ ኋላ እያፈገፈግሁ፣ ከግድግዳው ጋር ስላተም ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ ባነሳኋቸው 14 ፎቶዎች ላይ በቀኝ ጫፍ የቆመው የአክስቴ ባል በበሩ መቃን ለሁለት ተከፍሎ፣ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮና አንድ እጅ ያለው ሰው ሆኖ ይታያል።

ሰዓቱ ከሰው ሁሉ በልጦ የጠራበት ምክንያትም እዚሁ ላይ ነው። በዚያ ርቀትና በዚያ አፐርቸር ጥርት ብሎ የሚወጣው የቦታ ጥልቀት 80 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ዘመዶቼ ግን በሦስት ረድፍ ነበሩ። ካሜራዬ የሰው ዓይን ፈልጎ የሚያተኩርበት ሥርዓት አለው። እኔ ግን ዓይነተኛ ፎቶ አንሺ የትኩረቱን ነጥብ በራሱ ይመርጣል የሚል እምነት ስላለኝ፣ ገና ከካርቶኑ ሳወጣው ነው ያጠፋሁት። ከዚያም ነጥቡን መሃል ላይ ትቼ ረሳሁት። የሰልፉ መሃል ደግሞ ሰው አልነበረበትም፤ በሁለቱ አጎቶቼ መካከል ያለች ክፍተት ነበረችበት፤ በክፍተቷም ሰዓቱ ይታያል። ካሜራው የታዘዘውን ፈጽሟል።

«ጨረስክ ወይ፣ የኔ ልጅ?» ሲሉ አክስቴ ከሳሎኑ ተጣሩ።

«አንዴ ብቻ ቆዩ፣ አክስቴ! እስካሁን ብርሃን እየለካሁ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ፎቶ የሚቀመጥበት የካሜራው ካርድ ሞልቶ ነበር። የካርዱን ነገር በዝርዝር ማስረዳት ግዴታዬ ነው፤ ምክንያቱም ያለ ኃፍረት ልናገረው የማልችለው ይህን ብቻ ነው። ሰው የሚሞላበት ካርድ በልጆቹ፣ በጉዞው ወይም በሠርግ ፎቶ ይሞላበታል። የእኔን የሞላው የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ነው። አዲስ ሌንስ የገዛ ሰው ምስሉ ጥራቱን እስከ ማዕዘኖቹ ድረስ መጠበቁን ሳያረጋግጥ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ይህን ለማረጋገጥ ደግሞ ዝርግ ነገር ያስፈልጋል፤ ከግድግዳ የበለጠ ዝርግና ታጋሽ ነገር በቤት ውስጥ የለም። ስለዚህ በእያንዳንዱ አፐርቸር፣ በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ 214 የግድግዳ ፎቶ አንስቻለሁ። ያውም ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን ሳይነካካ በሚያስቀምጥበት በራው ፋይል ነው! የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ በእያንዳንዱ የቀለም ዘርፍ 256 የብርሃን እርከን ሲኖረው የእኔ ካሜራ ራው 16,384 አለው፤ በመሆኑም የግድግዳዬ ኖራ አንዲት የነጭነት ደረጃ ሳትጎድልበት ለትውልድ ተላልፏል። ልምድ ያለው ሰው ከዋዜማው ፎቶውን ሁለት ቦታ ገልብጦ ካርዱን ባዶ አድርጎ ይመጣል። እኔ ግን ኮሪደር ውስጥ ቆሜ፣ የትኛውን ግድግዳ ላጥፋ የትኛውን ልተው እያልኩ ስመርጥ፣ ሰባት ደቂቃ ነጎደ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የዘመዶቼ እንቁላል ሄዶ ሲመለስ እንኳ እኔ ገና አልተዘጋጀሁም ነበር።

በመጨረሻ እጄን ሰጥቼ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ሰካሁና ወደ ሳሎኑ ተመለስኩ። በዚህ ሌንስ ከሦስት ሜትር ተኩል ባነሰ ርቀት ሁሉም ይገባሉ፤ አፐርቸሩ 5.6 ላይ ሲሆን ደግሞ ከሁለት ሜትር ተኩል በፊት ጀምሮ እስከ ስድስት ሜትር ድረስ ያለው ሁሉ ይጠራል፤ አያትም ሰዓትም እኩል ያያል። ነገር ግን በፎቶ ነፃ የሚሰጥ ነገር የለም፤ ከ1.4 ወደ 5.6 መውረድ ብርሃኑን በ16 እጅ ይቀንሰዋል። ጉድለቱን ለብርሃኑ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መዝጊያ በማዘግየት ብቻ ልሙላ ካልኩ ከ1/200 ወደ 1/12 ሰከንድ መውረድ አለብኝ፤ ያን ጊዜ ልጆቹ እንደ ዳጌር ሠረገላዎች ይሟሟሉ። የካሜራውን ለብርሃን ንቁነት የሚወስነውን አይ ኤስ ኦ ብቻ ልጨምር ካልኩ ከ400 ወደ 6,400 መውጣት አለብኝ፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሰው ጉንጭ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀሪው ፍላሽ ነው። ፍላሹን በቀጥታ ወደ ፊት ከመተኮስ ወደ ጣሪያ አዙሮ ብርሃኑን ከላይ ማውረድ እንደሚሻል አውቃለሁ፤ ባትሪውን መሙላት እንዳለብኝም አውቅ ነበር። አዲስ ባትሪ ፍለጋ የቦርሳዬን አሥራ አንድ ኪስ ስፈትሽ፣ የትራይፖዱን ቁራጭ ብረት፣ ማለትም ካሜራውን ከትራይፖዱ ጋር የምታያይዘውን ያችን ጠፍጣፋ ነገር፣ እቤት ካለው ሌላ ትራይፖድ ላይ ትቻት እንደመጣሁም በዚያው አረጋገጥኩ። ባለ ብረቱን እቤት ትቼ፣ የማይሠራውን ተሸክሜ መምጣቴ ነው።

ዘጠነኛው ኪስ ላይ ሳለሁ አያቴ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ያን መጋረጃ ግለጡለት» አሉ።

መጋረጃው ተገለጠ፤ ብርሃኑ በእጥፍ ጨመረ። መዝጊያውን ወደ መቶኛ ሰከንድ፣ አይ ኤስ ኦውን ወደ 1,600 ሳመጣው የ16ቱ እጥፍ ሂሳብ ሞላ። ለዚህ ነበር አሥራ አንዱ ኪስ?

አንሴል አዳምስ የተባለው አሜሪካዊ በ1941 እ.ኤ.አ. በኒው ሜክሲኮ ሄርናንዴዝ የምትባል መንደር አጠገብ ሲያልፍ፣ ጨረቃ ወጥታ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ በመቃብሩ መስቀሎች ላይ ስታበራ አየ፤ ካሜራውን ሲያቆም የብርሃን መለኪያውን አጣው። የጨረቃን ብርሃን መጠን በቃሉ ያውቀው ስለነበር ከእሱ ተነስቶ አስልቶ አነሳ፤ ለሁለተኛው ሲሰናዳ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ጠፋ። ይህን ታሪክ ለጀማሪዎች ስተርክ ስለ ዕውቀት ኃይል ብዙ እላለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የሚያስገርመኝ ሌላ ነው፤ ሰውዬው ፀሐይዋን «አንዴ ብቻ ቆዪ!» አላላትም።

የዓይን መርገብገብ ነገር ደግሞ የራሱ ሳይንስ አለው። ኒክ ስቬንሰንና ፒርስ ባርንስ የተባሉ በአውስትራሊያ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ በቡድን ፎቶ ላይ ማንም ዓይኑን እንዳይጨፍን ስንት ጊዜ ማንሳት እንደሚያስፈልግ አስልተው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ለሚያስቁ ግን ለሚያሳስቡ ምርምሮች የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት በሒሳብ ዘርፍ ወስደዋል። ከ20 ለሚያንስ ቡድን የሰዉን ቁጥር በደህና ብርሃን ለሦስት፣ በደካማ ብርሃን ለሁለት ማካፈል ነው። 12 ሰው በተገለጠ መጋረጃ አራት ፎቶ፣ በተዘጋ ስድስት ይበቃዋል ማለት ነው። እኔ 41 አንስቼ አንድም ሁሉም ዓይኑን የገለጠበት አላገኘሁም። ጥፋቱ የቀመሩ አይደለም፤ ቀመሩ የተሠራው ለመርገብገብ ነው፤ አያቴ ግን ከ23ኛው ፎቶ ጀምሮ ተኝተዋል። በዳጌር ዘዴ ብንነሳ ኖሮ ከቤተሰቡ ጠርተው የሚወጡት እሳቸው ብቻ በሆኑ።

ፎቶዎቹን በተርታ በፍጥነት ሲያገላብጧቸው አንድ አጭር ፊልም ይወጣቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ላይ ሁሉም ይስቃል። ቀጥሎ ሳቁ ከዓይን ላይ ጠፍቶ በጥርስ ላይ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ጥርሱም ይሸፈናል። በ30ዎቹ ውስጥ ትንሹ ልጅ ከወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ አንደኛው አጎቴ ስልካቸውን እያዩ ነው። የመነጽር ነጸብራቅ ለማጥፋት የመነጽሩን ዘንግ ከጆሮ ላይ ትንሽ ከፍ ማድረግ እንደሚበጅ ሳስተምር ደግሞ፣ ሦስት ባለመነጽሮች በትዕግሥት እያዳመጡኝ ተይዘዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት አላቸው፤ ጭንቅላታቸውን ከኋላ የያዘው ብረት ብቻ ነው የማይታየው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ ያልታረምኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ፎቶዎቹን በመጀመሪያ ያሳየሁት ለአንድ የሙያ አፍቃሪ ጓደኛዬ ነው። ሦስተኛውን ፎቶ ከፈተ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ በሙሉ መጠኑ አጉልቶ ሰዓቱ ላይ ደረሰና ዝም አለ።

«በስንት ነው ያነሳኸው?»

«በ1.4።»

«ምላጭ ነው! ከቁጥሮቹ ሥር ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ እንኳ ትነበባለች እኮ! ይህን ሌንስ እንዳትሸጠው።»

ከሰዓቱ ግራና ቀኝ ሁለት አጎቶች በጭጋግ ውስጥ እንዳሉ አላስተዋለም፤ ቢያስተውልም ቦኬያቸውን ያመሰግን ነበር። ከመለያየታችን በፊት እስከ 1.2 ስለሚከፈተው ሌንስ አንድ ሰዓት ሙሉ አወጋን። በብርሃን ረገድ የሚጨምረው ከግማሽ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል) አይበልጥም፤ ክብደቱን ግን አይጣል ነው። ሁለታችንም ይህን እያወቅን፣ አስፈላጊነቱ ላይ ተስማማን።

በሳምንቱ አክስቴ ዘንድ ሄጄ፣ ከመጨረሻዎቹ መካከል የሚሻሉትን አምስት አቀረብኩላቸው። ገፋ አደረጓቸውና ሁሉንም እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አስቆሙኝ።

«ይኼን አሳጥብልኝ።»

«አክስቴ፣ ይኼ እኮ ፎከሱ ሰዓቱ ላይ ነው ያረፈው። የሰው ፊት አይለይም።»

«ለዚያ ነው የምልህ። ሰዓቱን ተመልከተው፤ ቆጣሪው ገና 3 ላይ ነው። ከቆምን ገና አምስት ደቂቃችን ነበር፤ ሁሉም ይስቃል፣ እማማም አልተኙም።»

«ባለቤትዎ ግን ግማሽ ናቸው።»

አክስቴ ሥዕሉን ጠጋ ብለው አዩት። «ግማሹም ይበቃል» አሉ።

ፎቶው አሁን በትልቁ ታትሞ፣ መስታወት ገብቶለት፣ በዚያው ሳሎን ከግድግዳ ሰዓቱ ሥር ተሰቅሏል። ባለፈው ጎራ ስል አንድ እንግዳ ለመሄድ ቸኩሎ ቀና አለና፣ «ገና ነው ለካ!» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ያነበበው የታችኛውን ነበር።